ቀሪ በእርሳስ ይጻፋል

ሲስተር ብርሃነሽ ማረፋቸውን የሰማሁት የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ድሮ አብራን ታስተምር የነበረች የባዮሎጂ መምህርት ናት። "ሰማህ?" ስትለኝ ከድምፅዋ ገባኝ። አዲስ አበባ በማኅበራቸው ቤት ለወራት ታመው ተኝተው ኖሯል። እኛ አንዳችን እንኳ አልሰማንም። እሳቸው እንደሆነ ስለ ራሳቸው ሕመም የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። ስልኩን ዘግቼ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ባልደረቦቼ "ምን ሆንክ?" ቢሉኝ "አንድ አለቃዬ ነበሩ፣ አረፉ" አልኳቸው። ከዚያ በላይ ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ጠፋኝ። እዚህ የምጽፈው ያኔ ልነግራቸው ያቃተኝን ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ የካቶሊክ እኅቶች በሚያስተዳድሩት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ሲስተር ብርሃነሽ ርእሰ መምህርታችን ነበሩ፤ ከአስተዳደሩ ሌላ የአሥረኛ ክፍልን ሒሳብ ያስተምራሉ። አገራቸው ከምባታ ነው። አጠር ያሉ፣ ፈርጠም ያሉ፣ ሲሄዱ ሁልጊዜ የረፈደባቸው የሚመስሉ ሴት ነበሩ። ክረምት ሲገባ ከመነኩሴ ቀሚሳቸው ሥር የወንድ የጎማ ቦት ያጠልቃሉ። የከተማው ሰው "ሲስተር" ማለት አይሆንለትምና "እማሆይ" ይላቸዋል። "እማሆይ ለመባል ገና ነኝ" እያሉ ይስቁ ነበር። ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይከድናሉ።

ከትምህርት ቤቱ ጓሮ እንሰት ተክለው ነበር። እኛ አገር ኮባ ነው የምንለው፤ የምንፈልገውም ለቅጠሉ ነው፤ ድፎ ዳቦ ለመድፋት። "ምግቡን ትታችሁ መጠቅለያውን ትወስዳላችሁ!" እያሉ ይገረሙብን ነበር። በዓል በደረሰ ቁጥር የሰፈሩ ሴቶች በሩን እያንኳኩ "እማሆይ፣ ኮባ አይሰጡንም?" ይላሉ። እሳቸውም ቢላቸውን ይዘው ወጥተው ያልተተረተረውን እየመረጡ ይቆርጡላቸዋል። "የካቶሊኮቹ ግቢ" እየተባለ በሩቁ ይታይ የነበረው ቦታ በኮባ ቅጠል የተነሣ የጎረቤት ግቢ ሆነ።

አንድ ችግር ነበረባቸው። አንቱታ አይሆንላቸውም። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሲቸኩሉ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ይሉታል። እኛ አገር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቀን ተማሪዎች ሁሉ በተሰለፉበት ዘበኛችንን ጋሼ ውበትን፣ ሰባን የተሻገሩትን ሽማግሌ፣ "አንተ፣ በሩን ዝጋው እንጂ!" አሏቸው። ሰልፉ በሙሉ ጸጥ አለ። ትዝ ሲላቸው ደንግጠው ሮጠው ሄዱና "ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ምላሴ ነው" አሉ።

"ኧረ ግድ የለም እማሆይ" አሉ ጋሼ ውበት። "እናቴ ከሞተች ወዲህ አንተ ያለኝ አልነበረም። ደስ ነው ያለኝ።"

ሌላው ደግሞ የስም መጥሪያው ነገር ነው። እኛ መምህራን ያልመጣ ተማሪ ስም አጠገብ በእስክሪብቶ "ቀ" ብለን እንጽፍ ነበር፤ ቀሪ ለማለት። ሲስተር ብርሃነሽ እንደመጡ ለእያንዳንዳችን እርሳስ አደሉን።

"ቀሪ በእርሳስ ይጻፋል" አሉ።

"ለምን ሲስተር?" አልኳቸው።

"ልጁ መንገድ ላይ ከሆነስ? በእስክሪብቶ ከጻፍክበት በኋላ ቢመጣም ቀርቷል።"

እውነቱን ለመናገር እኔ ነገሩ ቅብጠት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው በሌሉበት በእስክሪብቶ እጽፍ ነበር።

ኮሮና የመጣው በዚህ መካከል ነው። መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ተባለ። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ከሐሙሲት፣ ከአንበሳሜ፣ ከጋፋት ጀርባ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች የመጡ፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ከየቤታቸው በሚላክ ስንቅ የሚማሩ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ፍራሻቸውን ጠቅልለው፣ የቀረችውን ሽሮ ቋጥረው በየሚኒባሱ ተጭነው ሄዱ። ለሁለት ሳምንት ነው ተብለው ነበር።

ቀጥሎ ትምህርት በርቀት ይሰጥ ተባለ። እኛም ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፈትን። ሲስተር በባዶ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ያስተምራሉ፤ እኔ በስልኬ እቀርጻለሁ። "ገባችሁ?" ብለው እንደ ልማዳቸው ይጠይቁና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላሉ። ከሳምንት በኋላ ማን ማን እንዳየው ስንመለከት ጥቂት የከተማ ልጆች ብቻ ናቸው። የገበሬ ልጅ ስልክ ቢኖረው እንኳ መብራት የለው፤ መብራት ቢያገኝ ኔትወርክ የለው።

"እኔ እኮ ለግድግዳው ነው ያስተማርኩት" አሉ ሲስተር። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጠመኔውን በጣታቸው አደቀቁት። በማግሥቱ ግን የማባዣ ማሽኑን ከፈቱት።

ሥራው እንዲህ ሆነ። የየትምህርቱን ማስታወሻና ጥያቄ እናባዛለን፤ በየተማሪው ስም በፖስታ እናሽጋለን፤ በገበያ ቀን ለሚኒባስ ሹፌሮች እንሰጣለን። ሹፌሮቹ ሐሙሲትና አንበሳሜ ላይ ለምናውቃቸው ባለሱቆች ያደርሳሉ። ገበያ የወጣ ወላጅ ወይም ተማሪው ራሱ ይወስዳል፤ በሚቀጥለው ገበያ የተሠራውን ይመልሳል። ሲስተር ታዲያ እያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ በእጃቸው አንዲት ጥያቄ ይጨምሩ ነበር። ለትምህርቱ አይደለም። "ላማችሁ ወለደች?" "አያትሽ ተሻላቸው?" "አሁንም ጥፍርህን ትበላለህ?" ዓይነት ነው። የሁሉንም ልጅ ጣጣ ያውቃሉ። "ሲስተር፣ በዚህ ዓይነት መቼ እንጨርሳለን?" ስላቸው "ይህን ጥያቄ ነው ቀድመው የሚመልሱት" ይሉኛል። ልክ ነበሩ። ሒሳቡን ባዶ ትቶ የላሚቱን ነገር አንድ ገጽ ሙሉ የጻፈ ልጅ አይቻለሁ።

ከነዚህ ልጆች አንዷ ትርንጎ ትባላለች። ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ አባቷ ቄስ የሆኑ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። በሒሳብ የሚስተካከላት አልነበረም። ትምህርት ሊዘጋ ሰሞን ግቢ ውስጥ አዳልጧት ወድቃ ጉልበቷን ተጎድታ ነበርና ሲስተር ወረቀቷ ግርጌ "ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?" ብለው ጻፉ።

በግንቦት መጨረሻ የተመለሰውን ወረቀቷን እያረምኩ ስደርስ እጄ ቆመ። ጽሕፈቱ የሷ አይደለም። ፊደሉ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው። በየቃሉ መካከልም ሁለት ነጥብ ተደርጎበታል፤ ይህን ደግሞ የዛሬ ተማሪ አያውቀውም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር አብራሩ የሚል ጥያቄ ሰጥቼ ነበር። መልሱ እንዲህ ይላል፦ "የቸኮለ፡ሰው፡የራሱን፡እህል፡ከመሬት፡ይለቅማል። የሚከፋው፡ግን፡ሌላ፡ሰው፡ቸኩሎ፡ያፈሰሰውን፡መልቀም፡ነው።" እንዲህ ያለ መልስ ከተማሪ አግኝቼ አላውቅም። የእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ "አልተቻለም" የሚል ብቻ ተጽፏል። ሒሳቡ ተሞክሮ ተሞክሮ ተሰርዟል። ግርጌ ላይ ለሲስተር ጥያቄ የተሰጠው መልስ ደግሞ "እግዚአብሔር፡ይመስገን፡ደኅና፡ናት" ይላል።

ወስጄ አሳየኋቸው። ሲስተር መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ መዳፋቸው ከአፋቸው ሳይወርድ ሳቁ ጠፋ።

"ደኅና ናት? ደኅና ነኝ አይደለም የሚባለው?"

"ይህ የቄስ እጅ ነው ሲስተር። አባትየው ናቸው የጻፉት።"

"ልጅቱስ የት ሄደች?"

ወረቀቶቹን አጥፈው ከቦርሳቸው ከተቱ። "ነገ እንሂድ" አሉ።

ሰኔ ገብቶ ነበር። አንበሳሜ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ሄድን። ዝናብ ያደረበት ጭቃ ነው። እኔ የከተማ ጫማዬን እየነቀልኩ ስከተል እሳቸው በጎማ ቦት ጫማቸው ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ አልፎ አልፎ ዞር ብለው ጫማዬን አይተው ይስቃሉ። ቤቱን ስንደርስ የትርንጎ እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከደጅ አገኙን። "ኧረ ግቡ፣ ግቡ በሞቴ" አሉ፤ ፊታቸው ግን ደስ አላለውም። ገብተን ከመደቡ ተቀመጥን።

"ትርንጎ የለችም?" አሉ ሲስተር።

"አጎቷ ዘንድ ናት።"

"መቼ ትመጣለች?"

እናትየው መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። "እንግዲህ ምን እደብቃለሁ፣ ተጠይቃለች። ወንድሜ ቃል ሰጥቷል። ጾሙ ሲፈታ ነው። በሽታው ሰው አትሰብስቡ ብሏልና ድግስም የለው፣ እንዲሁ ነው የምትሄደው።"

በዚህ መካከል አባትየው መምሬ እንዳላማው ከቤተክርስቲያን መጡ። ጥምጥማቸው በዝናብ ርሷል። መስቀላቸውን አውጥተው እኔን አሳለሙኝና ወደ ሲስተር ዞሩ። የካቶሊክ መነኩሲት ናቸው፤ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው መስቀሉን ይዘው ቆሙ። ሲስተር ራሳቸው ብድግ ብለው፣ ጎንበስ ብለው ተሳለሙ።

ከዚያ ሲስተር ከቦርሳቸው ወረቀቶቹን አወጡና በጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

"መምሬ፣ አማርኛው ሙሉ ነው" አሉ። ቃል እየመረጡ፣ አንቱታውን እንዳይስቱ እየተጠነቀቁ ነበር የሚናገሩት። "ሒሳቡ ግን ወድቀዋል።"

መምሬ ሳቅ ሊሉ ጀመሩ፤ ሳቁ ግን አልወጣላቸውም። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ወረቀቱ ባዶ ከተመለሰ ስሟን ትሰርዙታላችሁ ብዬ ነው እማሆይ። ልጄ ይህን ሁሉ ዓመት ጭቃ ረግጣ የተማረችው እንዲያው በከንቱ እንዳይቀር ብዬ። እሷ እስክትመለስ ቦታዋን ልያዝላት ብዬ ነው።"

"ትመለሳለች ብለው ያስባሉ?"

"አላውቅም። በቤቴ የኔ ቃል አልተሰማም። እኔም ደፍሬ አልተናገርኩም። ለሰው ሁሉ ንስሐ እሰጣለሁ፣ ለራሴ ግን አፌ ተያዘ።"

"አንቱ ምን ያርጉ!" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ አሁን ድምፃቸው ከፍ አለ። "ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መቼ ይከፈታል? ይንገሩኝ እስቲ እማሆይ፣ መቼ ነው የሚከፈተው?"

"አላውቅም" አሉ ሲስተር።

"እህ! እርስዎ ካላወቁ እኔ ምን ልጠብቅ? ትልቅ ልጅ እቤት ቁጭ ብላ፣ መሽቶ በነጋ ቁጥር አንዱ አንድ ነገር ይላል። የጎረቤቴ ልጅ ከተማ ልማር ብላ ሄዳ እንዴት ሆና እንደተመለሰች አይቻለሁ። እኔስ የልጄን ክፉ የምሻ መሰለዎ?"

"አልመሰለኝም" አሉ ሲስተር። "መቼ እንደሚከፈት አላውቅም። ልዋሽዎ አልመጣሁም። ግን ትርንጎ እኛ ግቢ፣ ከኛ ከእኅቶች ጋር ትቀመጥ። የቤት ኪራይ የለ፣ ብቻዋን የምታድርበት ቤት የለ። እስኪከፈት እኔ አስተምራታለሁ።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀና ብለው አዩዋቸው። "ከዚያ ካቶሊክ ልታደርጓት?"

"ተይ አንቺ!" አሉ መምሬ።

"የለም፣ ልክ ነው የጠየቁት" አሉ ሲስተር። "እኔም ልጅ ቢኖረኝ እጠይቅ ነበር። እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያኗ ትሄዳለች። ያላስቀደሰች ዕለት ቁርስ የላትም። ጾሟን ትጾማለች። የጾሙን ወጥ እሷ ትሠራለች፣ እኛም እንበላለን።"

በዚያ ቀን የተወሰነ ነገር አልነበረም። ቆሎ ቀርቦልን በላን፤ ዝናቡ ሲያባራ ተነሣን። መምሬ እስከ ወንዙ ሸኙን። ጭቃውን ስንወጣ እኔ ስለ እናትየው ኃይለኛነት አንድ ነገር ተናገርኩ። ሲስተር ቆም አሉ።

"ያቺ እናት እውነቷን ነው" አሉኝ። "መቼ ብላ ጠየቀችኝ፤ አልመለስኩላትም። ይህን አትርሳ።"

ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ረፋድ ላይ፣ ጋሼ ውበት በሩን ከፍተው "እማሆይ! እንግዳ!" ብለው ተጣሩ። መምሬ እንዳላማው ነበሩ። ከኋላቸው ትርንጎ የታሰረ ቋጠሮ ይዛ ቆማለች። ሲስተር ከማባዣው ክፍል እጃቸው ቀለም እንደሆነ ወጥተው ሲያዩዋት ከደረጃው ላይ ተቀመጡ።

የሆነውን መምሬ በኋላ ነገሩኝ። እኛ በሄድን ማግሥት የሚስታቸው ወንድም ቤት ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት "ቃል የሰጠኸው አንተ ነህ፤ ልጂቱ ግን የኔ ናት። ተቀይመህ ቅር፣ አልሰጥም" አሉ። በዕድሜያቸው ከሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያ የመጀመሪያቸው ነው። አጎትየው ለሁለት ዓመት ያህል ደጃቸውን አልረገጠም። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ብዙ ጊዜ አኩርፈው ነበር። በነጻ የመጣ ነገር አልነበረም።

ሲስተር ቃላቸውን ጠበቁ። ክረምቱን ሙሉ እሑድ ጠዋት ትርንጎን ይዘው እስከ ቤተክርስቲያኑ ቅጥር ይሄዳሉ። ልጅቷ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ትገባለች፤ እሳቸው ከበሩ ውጭ ዋርካው ሥር ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ የጎማ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይቆማሉ። ሰው መጀመሪያ ገርሞት ያይ ነበር። በኋላ በኋላ አሮጊቶቹ ሲወጡ ጠበል በኩባያ ይዘውላቸው መምጣት ጀመሩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ክፍሉ በሁለት ፈረቃ ተከፍሎ፣ ሁሉም አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ የተቋረጠውን መንፈቀ ዓመት ልንጨርስ ተሰበሰብን። ሲስተር ትምህርት ሲዘጋ በየስሙ አጠገብ በእርሳስ "ቀ" ያሉበትን የመጋቢቱን ስም መጥሪያ አምጥተው ክፍል ለክፍል ዞሩ። ስም ይጠራሉ፤ "አቤት" ሲባል በላጲስ ያጠፋሉ። አንዱን ጠርተው፣ ቀና ብለው አይተው፣ ፈገግ ብለው፣ አጥፍተው፣ ወደሚቀጥለው። ጥሪው አንድ ክፍለ ጊዜ ፈጀ። "ትርንጎ እንዳላማው" ሲሉ እንደ ሌላው ሁሉ ጠሯት፤ እሷም እንደ ሌላው ሁሉ "አቤት" አለች።

ሁለት ልጆች ግን አልመለሱም። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሲስተር የሁለቱም ቤት ሄደዋል። አንዷ አግብታ ነፍሰ ጡር ሆናለች። ሌላዋ ወደ መተማ ሥራ ፍለጋ ሄደች ከመባሉ በቀር ወሬዋ የለም። የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ማግሥት ቢሮአቸው ብገባ ያንን መጥሪያ ከፊታቸው ዘርግተው እያለቀሱ አገኘኋቸው። ከዓመት መዝገቡ ጋር ለማስገባት በእስክሪብቶ መተካት ነበረበት። "አንተ ጻፈው" አሉኝ። እኔም አልቻልኩም። መጥሪያው እንደዚያው በእርሳስ እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእስክሪብቶ ቀሪ ጽፌ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ማኅበራቸው ወደ ሌላ ቦታ አዛወራቸው። ስንብት አልወደዱም። በሚኒባስ ጠዋት ሄዱ፤ ስንደርስ ቢሮው ተጠርጎ፣ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

ትርንጎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን በመጀመሪያው አላለፈችም፤ የማካካሻውን ወስዳ ነው የገባችው። አሁን ባሕር ዳር አዋላጅነት ትማራለች። የሲስተርን ማረፍ የሰማሁ ዕለት የነገርኳት እኔ ነኝ። "ለአባቴ እኔ እነግረዋለሁ" ብላ ዘጋች።

ወደ ማምሻው ላይ መምሬ እንዳላማው ራሳቸው ደወሉልኝ።

"መምህር፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?" አሉኝ።

ያን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ጠይቄያቸው አላውቅም። "ለምን ፈለጉት አባ?"

"በቅዳሴው አልጠራቸውም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም። በቤቴ፣ በግል ጸሎቴ ግን ማን ይከለክለኛል?"

አዲስ አበባ ማኅበራቸው ቤት ደውዬ አንዲት እኅት ጠየቅሁና መልሼ ደወልኩላቸው። "ቴሬዛ ነው አሉኝ።"

"ቴሬዛ" አሉ ቀስ ብለው። ደገሙት። "ማን ናት እሷ?"

"ከነሱ ቅዱሳን አንዷ ናት።"

"ይሁን። እግዜር ያውቃታል።" ከስልኩ ራቅ ብለው "ቴሬዛ ነው ስማቸው" ሲሉ ሰማሁ። ወዲያው ከቤቱ ውስጥ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፅ መጣ።

"ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።"